ለልጄ፦ ሠላሳ ስትሆኑ

ውድ ልጄ፣

ትናንት ስልኩን ከዘጋሽ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የሶፍትዌር ድርጅታችን ውስጥ 30 ሰው ሆነናል ስትይኝ እልል ብዬ ነበር። ቀጥለሽ ግን "እማዬ፣ ሁሉም ነገር እኔው ጋ ነው የሚመጣው" አልሽኝ። እሱ ከነከነኝ።

እኔ የማውቀው ዓሣ ነው። እዚህ ጣና ዳር ስጀምር አራት ሴቶች ነበርን። ታንኳው ዳር ሳይደርስ ቆሮሶውን ማን እንደሚገፍፍ፣ አምባዛውን ማን እንደሚይዝ በዓይን እንግባባለን፤ የተኳረፈ ካለም ቡና ላይ ይታረቃል። አሥራ ስምንት ስንሆን እኔ ያው እንደ ድሮው ነበርኩ። ኃላፊ አድርጌ የሾምኳት ልጅ "ከጀርባው ጀምሩ" ትላለች፣ እኔ ከኋላ መጥቼ "አይ፣ ከሆዱ" እላለሁ፣ ያውም ሠራተኞቹ ፊት። አንድ ቀን ቢላዋዋን አጠበች፣ በጨርቅ ጠቀለለችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። "እትዬ፣ እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ?" ብላኝ ወጣች። አልተመለሰችም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ወንድምሽ ደብተር አውጥቶ አሰላልኝ። አምስት ሰው ሁሉም ከሁሉም ጋር ለመነጋገር 10 መስመር ይበቃዋል፤ 30 ሰው ግን 435 ይፈልጋል። ስለዚህ "ይሄን እኮ ሁሉም ያውቀዋል" የምትይውን ነገር ያልሰማው ብዙ ነው። ጻፊው። ማን ምን እንደሚወስን፣ እስከ ስንት ብር አንቺን ሳይጠይቅ እንደሚያወጣ፣ የዕረፍት ፈቃድ ማን እንደሚሰጥ። የፈቃዱን ነገር ደግሞ በዝምድና አትያዢው፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አንድ ዓመት የሠራ ሰው 16 የሥራ ቀን ዕረፍት አለው፣ "ቤተሰብ ነን፣ ሥራ ሲቀንስ ትወስጃለሽ" አይባልም።

ከመጀመሪያው ጀምሮ አብሮሽ የለፋውን ልጅ ውለታው ከብዶሽ ብቻ አለቃ አታድርጊው። ኮድ መጻፍ ሌላ፣ ሰው መያዝ ሌላ። ጠይቂው፤ ካልፈለገ በሙያው ይደግ፣ ደመወዙም አብሮ ይደግ።

ከሾምሽ በኋላ ግን አንድ ሠራተኛ አለቃዋን አልፋ አንቺ ጋ ስትመጣ፣ መልሱን ብታውቂውም ዋጥ አድርጊውና "አለቃሽ ምን አለችሽ?" በያት። እኔ ያቺን አንዲት ጥያቄ አልጠየቅኩም።

እሑድ ስትደውዪ የትኛውን ሥራ ለማን እንዳስረከብሽ በስም ትነግሪኛለሽ። እጠብቃለሁ።

እናትሽ፣ ከባሕር ዳር