ከድሬ ለወንድሜ፦ ስለ 15ቱ ደቂቃ

ይድረስ ለወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? ደብዳቤህ ከደረሰኝ ክረምቱ አልፎ በጋው ገባ፤ ዝምታዬን ይቅር በለኝ አቦ። ቤተሰቡ ሁሉ ደህና ነው።

«ደሞዜን ትቼ የኤሌክትሪክ ጭነት ማማከር (ፋብሪካዎች ጭነታቸውን አስተካክለው ቢላቸውን እንዲቀንሱ መርዳት) ልግባ ወይ? የትኛውን ሶፍትዌር ልማር?» ብለህ ነበር። ኦፕን ኤዲአሩ፣ ማለትም ኃይል አቅራቢ «ጭነት ቀንሱ» የሚል መልእክት ለደንበኛ የሚልክበት መግባቢያ፣ ይቆይህ፤ ሞድባስን፣ ማለትም መሣሪያዎች መረጃ የሚለዋወጡበትን መግባቢያ፣ ግን ቆጣሪና ድራይቭ (የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ) ለማንበብ ቶሎ ትፈልገዋለህ። ከሁሉ በፊት መለካት ልመድ።

ፋብሪካ ስትገባ ማሽን ከማየትህ በፊት የዓመቱን ቢል ጠይቅ። ክፍያው ለኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው ወይስ ለወሩ ከፍተኛ ጭነትም? የሚያዘው በ15 ነው ወይስ በ30 ደቂቃ አማካይ? ከዚያ ዋናው የመብራት ሰሌዳ ላይ ሎገር (ጭነቱን እየለካ የሚመዘግብ መሣሪያ) አስረህ ሙሉ ሳምንት በየደቂቃው መዝግብ፤ ድሬ ላይ ዓርብና እሑድ እንደ ሌላው ቀን አይደሉም። የሲቲው፣ ማለትም ኬብሉ ላይ የሚታሰረው የጅረት መለኪያ ቀለበት፣ ቀስት ወደ ጭነቱ ይዙር። ሦስቱ ፌዝ (የኃይል መስመሮች) እኩል ጭነው አንዱ ሲቲ ከተገለበጠ ጠቅላላው ንባብ ሲሶ ይሆናል፣ አንተም ባለቤቱ ፊት ታፍራለህ። ጅረት እያለ ደግሞ የሲቲውን ሽቦ ሾርት ሳታደርግ (ሁለቱን ጫፎች ሳታገናኝ) እንዳትፈታ፤ የሚፈጠረው ቮልቴጅ ይገድላል።

ሰው ሁሉ የሞተር መነሻ ጅረትን ይፈራል። 6 እጥፍ ቢሆን እንኳ ጥቂት ሴኮንድ ነው፤ በ900 ሴኮንድ አማካይ ውስጥ ብዙም አይታይም። የሚያስከፍለው አብሮ መሥራት ነው፣ በተለይ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ። ማቀዝቀዣው ሞቋል፣ ታንከሩ ጎድሏል፣ ኮምፕረሰሩ አየር ጨርሷል፤ ሁሉም ባንዴ ይነሣሉ፣ የወሩ ጣሪያም፣ ማለትም የምትከፍልበት ከፍተኛ ጭነት፣ እዚያች ሩብ ሰዓት ውስጥ ይመዘገባል። ለየኮንታክተሩ (ማሽኑን ለሚያበራው ማብሪያ) ታይመር አስገባ፤ ምርቱን የያዘው ማሽን ይቅደም፣ ማቀዝቀዣዎቹ ተራ በተራ ይከተሉ፣ ፓምፑ እነሱ ቀዝቅዘው መቆም ሲጀምሩ ይነሣ።

ፓምፕ ለማዘዋወር ቀላሉ ነው። 22 ኪሎዋት የሆነውን ከምሽት ወደ ሌሊት ብታዞረው ጣሪያው ቢበዛ በ22 ኪሎዋት ይቀንሳል፤ ታንከሩ የምሽቱን ውሃ መቻሉንና ተንሳፋፊው ማብሪያ መሥራቱን አረጋግጥ። ኪሎዋት ሰዓቱ ግን አይቀንስም። ይህን አስቀድመህ ካልነገርከው ባለቤቱ ቢሉ ሲመጣ ይጣላሃል።

ስለ ካፓሲተር ለጠየቅከው፦ 100 ኪሎዋትን ከ0.75 ወደ 0.95 ፓወር ፋክተር (ከምትስበው ኃይል ሥራ የሚሠራው ድርሻ) ለማውጣት 55 ኪሎቫር (የካፓሲተር መጠን መለኪያ) ገደማ ይበቃል፤ በ400 ቮልት ጅረቱ ከ192 ወደ 152 አምፔር ይወርዳል። ድራይቭ በበዛበት ቤት ግን ብቻውን አትግጠመው፣ ሃርሞኒክ (ድራይቮቹ መስመሩ ላይ የሚፈጥሩት የጅረት መዛባት) ያቃጥለዋል። ባለ 7 በመቶ ሪአክተር (ሃርሞኒኩን የሚያግድለት ጥቅል) አብረህ ግዛ፤ ሪአክተሩ ቮልቴጁን ስለሚያሳድገው ካፓሲተሩ 440 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ የሚችል ይሁን። ሙቀቱን 55 ድግሪ የሚችለውን ምረጥ፤ በድሬ ፀሐይ ቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ግን ያም ያለ ፋን አይበረክትም።

ደሞዝህን አሁኑኑ አትልቀቅ፤ ሁለት ሦስት ቦታ በዕረፍት ቀንህ ለካ። ክፍያህን ከቁጠባው ድርሻ የምትወስድ ከሆነ መነሻውን ጭነት ሥራው ሳይጀመር አስፈርም፣ ከምርቱ መጠን ጋርም አያይዘው። ምርት ከፍ ሲል ጭነቱም ከፍ ይላል፤ በውሉ ካልተጻፈ «ምንም አልቀነስክም» ትባላለህ።

የመጀመሪያውን ቢል ስታገኝ ፎቶውን ላክልኝ፣ አብረን እናነበዋለን። ለእትዬ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ወንድምህ፣ ከከዚራ