ሳላውንም አትርሱት

ውድ አዘጋጅ፣

ስለ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። ጥሩ ነው፤ ግን ከአንበሳ በቀር ሌላ እንስሳ የለም እንዴ? (እኔ ስንት ጊዜ ተመላልሼ አንበሳ አንድም ቀን አላየሁም።) ሳላ የሚባለው አጋዘን መሰል የዱር እንስሳ ግን አይጠፋም። ወንዱም ሴቷም ረጅም ቀጥ ያለ ቀንድ አላቸው። ሐሩሩ ሲበረታ ሳላ ውኃውን በላብ አያባክንም፤ ሰውነቱ እንዲግል ይተወውና ማታ ሲበርድ ያቀዘቅዘዋል። ወንዙ ውስጥ ደግሞ አዞ አለ።

እኔን የሚያሳስበኝ መንገዱ ነው። ወደ ጅቡቲ የሚወስደው አስፋልት ፓርኩን ሰንጥቆ ያልፋል። ባለፈው ክረምት የተሳፈርንበት አውቶቡስ አንዲት ኤሊ ሊደፈጥጥ ለጥቂት ነው የተረፈችው። አንገቷን ሰብስባ መሃል መንገድ ላይ ቁጭ ብላለች። ረዳቱ ወርዶ አነሳትና ወደምትሄድበት በኩል ዳር አደረሳት። ወደመጣችበት ቢመልሳት ኖሮ እንደገና መሻገሯ አይቀርም ነበር፤ ብልህ ልጅ ነው።

ትንሽ አለፍ ብሎ አንዱ ከመኪናው መስኮት ለዝንጀሮዎች ሙዝ ይወረውራል። ሙዙ አስፋልቱ ላይ ወደቀ፤ ዝንጀሮዎቹም እዚያው አስፋልቱ ላይ ተሻሙ፣ ግልገል ያዘለችው ጭምር። እባካችሁ ስለዚህም ጻፉልን።

አንድ አንባቢ፣ ከአዳማ