ስለ ሙኒኩ የቢራ በዓል የጻፋችሁትን አንብቤ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ውጭ አገር የሚማሩ ልጆች ኦክቶበርፌስት ሄደው ገንዘባቸውንም ጤናቸውንም ይጨርሳሉ ብላችሁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ እህቴ በስልኳ አንስታ ላከችልኝ። ከስሩ «አንተንም ነው?» ብላለች። አዎ፣ እኔንም ነው። ኦስትሪያ፣ ሳልዝበርግ ነው የምማረው። እ.ኤ.አ. በ2024 መስቀል በዋለ ማግስት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ አምስት ሆነን በባቡር ድንበር ተሻግረን ጀርመን፣ ሙኒክ ሄደናል። ጸሐፊያችሁ ስለ ስካሩ ያለው ውሸት አይደለም። ገና ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ባቫሪያ ከሚሏት ትልቅ ሐውልት ስር ያለው ሣር ላይ የተዘረረ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። እኛን ያስቸገረን ግን ሌላ ነው፤ እሱን አንድም ቦታ አላነሳችሁትም።

ከባቡሩ ልጀምር። የባየርን ቲኬት የሚባል አለ። ፈጣኖቹን ሳይሆን በየከተማው የሚቆሙትን ባቡሮች ቀኑን ሙሉ ያሳፍራል፣ ድንበር ተሻግሮ ሳልዝበርግ ድረስ ይሠራል፣ በአንዱ ቲኬት እስከ አምስት ሰው ይሄዳል። ስንካፈለው ለእያንዳንዳችን የደረሰው የአንድ ብርጭቆ ቢራ ዋጋ ገደማ ነው (የእዚያን ብርጭቆ ማለቴ ነው፣ እመለስበታለሁ)። ታዲያ ቲኬቱ ላይ የተሳፋሪዎቹ ስም ይጻፋል። ስም የሞላው ልጅ ለጨዋታ ብሎ የአንዱን ጓደኛችንን የቤት ስም ጻፈ።

ድንበሩን እንዳለፍን ፍራይላሲንግ የምትባል ጣቢያ አለች። እዚያ ፖሊሶች ገቡ። ጀርመን ከኦስትሪያ የሚመጣውን መንገደኛ መፈተሽ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው፣ እስካሁንም አልተወችም። «ሸንገን ነው (ያለ ድንበር ፍተሻ የሚታለፍባቸው የአውሮፓ አገሮች ማለት ነው)፣ ማን ይጠይቀናል» ብሎ ፓስፖርቱን መሳቢያ ውስጥ ትቶ የሚመጣ ልጅ ጉዞው እዚያው ነው የሚያልቀው። እኛ ሁላችንም ፓስፖርትም መኖሪያ ፈቃድም ይዘን ስለነበር ፖሊሶቹ አይተው አለፉ። ቲኬት ተቆጣጣሪው ግን ከኋላቸው መጣና ፓስፖርቱንና ቲኬቱን ጎን ለጎን ይዞ፣ ፊደል በፊደል እያነበበ፣ «ቡቹ ማን ነው?» አለ። ሳቅን። እሱ አልሳቀም። ቡቹ ለብቻው ሌላ ቲኬት ቆረጠ።

ሙኒክ ትልቁ ጣቢያ ከወረድክ መንገድ መጠየቅ አያስፈልግም፣ የቆዳ ቁምጣ የለበሰ ሰው ፈልገህ መከተል ነው። ሜዳው ቴሬዚየንቪዘ ይባላል፣ በእግር ይደረሳል። በሩ ላይ ግን ሌላ ጣጣ ጠበቀን፤ ከሦስት ሊትር በላይ የሚይዝ ቦርሳ ይዞ መግባት ክልክል ነው። የተማሪ ቦርሳ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ላፕቶፕ ባይኖርበት እንኳ ቅያሪ ልብስና የትናንት ዳቦ አለበት። ማስቀመጫ ፍለጋ፣ ወረፋ፣ ክፍያ፣ እንደገና ፍተሻ እያልን ጠዋታችን አለቀ።

ቢራው የሚጠጣው በትልልቅ ድንኳኖች ውስጥ ነው፣ ካልተቀመጥክ አይመጣልህም። የሁለተኛው ሳምንት ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ጣሊያኖች በገፍ የሚመጡበት ነው፣ እኛ ይህን ሳናውቅ ነው የሄድነው። ሦስት ድንኳን ዞረን በመጨረሻ አንድ ሽማግሌና ባለቤታቸው ጠጋ ጠጋ ብለው አግዳሚው ላይ ቦታ ለቀቁልን፣ አምስት ሰው በሁለት ሰው ቦታ። ሜዳው በሙሽራ ስም እንደተጠራ የነገሩን እሳቸው ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1810 አልጋ ወራሹ ሉድቪግ ቴሬዘን ሲያገባ በፈረስ ግልቢያ የተጀመረ ድግስ ነው።

አስተናጋጇ አሥር ብርጭቆ በሁለት እጇ አቅፋ፣ ሰዉን በክርኗ እየገፋች መጣች። አንዱ ብርጭቆ ባዶውን ከኪሎ በላይ ይመዝናል። ማስ ይሉታል፣ ልኩ አንድ ሊትር ነው፣ በዚያ ዓመት ዋጋው እንደ ድንኳኑ ከ13.60 እስከ 15.30 ዩሮ ነበር። ቢራው ለበዓሉ ተብሎ የሚጠመቅ ስለሆነ ስድስት በመቶ አካባቢ ነው፣ ጠንከር ይላል። የሙዚቃ ባንዱ በየመሃሉ የጽዋ ዜማ ይመታል፣ ሁሉም ተነሥቶ ያጋጫል፣ አንተም ሳታስበው ትጎነጫለህ። ግማሽ ሊትር የለመደ ሰው «አንድ ብቻ እኮ ነው» እያለ ሲንገዳገድ የምታየው ለዚህ ነው። እኔ አንዷን ሦስት ሰዓት ይዤ ቆየሁ፣ መጨረሻዋ ሻይ ሆና ነበር።

ዋናው ነገር የመጣው ስንወጣ ነው። ከመካከላችን አንዱ (ቡቹ አይደለም፣ እሱ ለቀኑ በቅቶታል) ባዶ ብርጭቆ ጃኬቱ ውስጥ ከትቶ ነበር። ይህ እዚያ የቆየ ልማድ ነው፣ ጠባቂዎች በየዓመቱ በብዙ አሥር ሺህ የሚቆጠር ብርጭቆ ከጎብኚ እጅ ያስመልሳሉ። የኛንም ልጅ ጠባቂው ገና ሲያየው ጃኬቱን በጣቱ ኳ ኳ አደረገው። ድምፁ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ብርጭቆውን ተቀበለው፣ ተቆጣው፣ ለቀቀው። አጠገባችን አንድ የአገሩ ልጅ በተመሳሳይ ነገር ተይዞ እየሳቀ ከጓደኞቹ ጋር ይተቃቀፍ ነበር። ለእሱ ለሰኞ የሚሆን ወሬ ነው። እኛ ግን ኦስትሪያ ውስጥ የተማሪ መኖሪያ ፈቃድ በየዓመቱ የምናሳድስ ነን። ያ ጠባቂ ፖሊስ ቢጠራ ኖሮ ነገሩ ስርቆት ነው፣ ስምህ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፣ ከዚያ እድሳቱ እስኪያልፍ እንቅልፍ የለም። ብርጭቆው እኮ እዚያው ሱቅ ውስጥ ይሸጣል! ልጁ በመመለሻችን መንገድ ላይ ያለችው ከተማ ሮዘንሃይም እስክንደርስ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ሮዘንሃይም ያደርነው ጓደኛ ስላለን ነው፣ በዚያ ሰሞን የሙኒክ ሆቴል ለተማሪ አይታሰብም።

ስለዚህ ስለ ቢራው ገጽ ሙሉ ስትጽፉ ስለ ፓስፖርቱ፣ ስለ ቦርሳውና ስለ ብርጭቆው ሁለት መስመር ብትጨምሩ ምን ነበረበት? ልጁ መሄዱ አይቀርም፣ እናቱ ጋዜጣ አንብባ ብትቆጣም ይሄዳል።

ሁለት ማስተካከያም አለኝ። «ለመግቢያ ብቻ ስንት ዩሮ ይከፍላሉ» ያላችሁት ስህተት ነው፣ መግቢያው ነጻ ነው። «በጥቅምት የሚከበረው» ያላችሁትም እንዲሁ። ስሙ ኦክቶበር ቢልም የሚጀምረው ሴፕቴምበር አጋማሽ ካለፈ በኋላ ነው፣ በእኛ አቆጣጠር ከነመዝጊያው መስከረም ውስጥ ያልቃል። የእናንተን ጽሑፍ አምኖ ለጥቅምት ቲኬት የቆረጠ ልጅ የሚደርሰው ድንኳኑ ሲፈርስ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
ሳልዝበርግ የሚኖር ተማሪ አንባቢያችሁ