ለሥራ ቦታ የሚሆን የጆሮ ማዳመጫ የሚመረጠው ድምፁን ዝቅ ለማድረግ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ሙዚቃ እያዳመጡ መሥራት በየቢሮው እየተለመደ ቢመጣም፣ ስለ ጆሮ ማዳመጫ የሚነገረው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ከድምፅ ጥራትና ከዋጋ አያልፍም። እኔ ቀኑን ሙሉ ሰነድ ሳነብና ሳርም የምውል ሠራተኛ ነኝ፤ ማዳመጫ አድርጌ መሥራት ከጀመርኩም ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ጀርባው ዝግ የሆነ ማዳመጫ ሊገዛ ያሰበ ሰው አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ‹‹ድምፁ ምን ያህል ያምራል?›› ብሎ ሳይሆን ‹‹ድምፁን ምን ያህል ዝቅ አድርጌ ልሰማበት እችላለሁ?›› ብሎ ነው የሚል ጽኑ እምነት ስላለኝ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

ወደዚህ እምነት የደረስኩት ተሳስቼ ነው። መጀመሪያ የገዛሁት ማዳመጫ ጀርባው ክፍት፣ ጆሮን የሚሸፍነው ቀፎ ውጫዊ ክፍል ወንፊት በሚመስል ብረት የተሸፈነ ነበር። ይህ ዓይነቱ አሠራር ዜንሃይዘር የተባለው የጀርመን ኩባንያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1968 ኤችዲ 414ን ለገበያ ካቀረበ ወዲህ በሙዚቃ ወዳጆች ዘንድ የተከበረ ነው፤ ከስፒከሩ ኋላ ያለው አየር በነፃነት ስለሚወጣና ስለሚገባ ሙዚቃው በጭንቅላት ውስጥ የታፈነ ሳይሆን በሰፊ ክፍል ውስጥ የሚጫወት ይመስላል። በቤቴ ጸጥታ ውስጥ እንደዚያ ያለ ደስታ የሰጠኝ ዕቃ የለም። ቢሮ በወሰድኩት በሁለተኛው ቀን ግን ፊት ለፊቴ የምትቀመጠው ባልደረባዬ ወደ ጠረጴዛዬ መጥታ በትሕትና ‹‹ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህን ዘፈን ዛሬ ስንሰማው ሦስተኛ ጊዜያችን ነው›› አለችኝ። እጅግ አፈርኩ። በማዳመጫው ጀርባ የሚወጣው ድምፅ ለእኔ ከሚደርሰኝ ብዙም የሚያንስ አልነበረም፤ የቢሮው ወሬም በዚያው ቀዳዳ ወደ ጆሮዬ ይገባ ስለነበር፣ እሱን ለመሸፈን ስል ድምፁን ይበልጥ ከፍ አደርግ ነበር።

ዝግ ማዳመጫ ይህን ችግር የሚፈታው በሁለት ነገር ነው፦ በቀፎው ጠንካራ ጀርባና በጆሮ ዙሪያ በሚያርፈው ስፖንጅ። ገዢዎች የመጀመሪያውን እንጂ ሁለተኛውን ሲያዩ አይታዩም። ስፖንጁ በጆሮ ዙሪያ ካለው ቆዳ ጋር ክፍተት ሳይተው ካልገጠመ ቀፎው ምንም ያህል ቢዘጋ ድምፅ ይወጣል፣ ጫጫታም ይገባል፤ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠፋው ደግሞ ወፍራሙ ድምፅ፣ ማለትም ቤዙ ነው። መነጽር የሚያደርግ ሰው ይህን በደንብ ሊያውቀው ይገባል። የመነጽሩ እጀታ ስፖንጁን ከፍ አድርጎ ስለሚይዘው ከጆሮ በላይ ጠባብ ክፍተት ይፈጠራል፤ በዚህ ምክንያት ብዙዎች ‹‹ይህ ማዳመጫ ቤዝ የለውም›› ብለው ደህናውን ዕቃ ይመልሳሉ። ወፈር ያለ ፀጉርና ትልልቅ የጆሮ ጌጥም ተመሳሳይ ችግር ያስከትላሉ። ለማረጋገጥ ቀላል መንገድ አለ፦ ሙዚቃው እየተጫወተ ሁለቱን ቀፎዎች በመዳፍ ቀስ ብሎ ወደ ጆሮ መጫን ነው። ሲጫኑት ቤዙ ጎልቶ ከመጣ ማዳመጫው በእርስዎ ራስ ላይ አልገጠመም ማለት ነው። ለሌላ ሰው በሚገባ ሊገጥም ስለሚችል፣ የጓደኛ ምስክርነት በዚህ ጉዳይ ብዙም አይረዳም።

ይህን ያህል ስለ መግጠም የማነሳው ነገሩ ከጆሮ ጤና ጋር ስለሚያያዝ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች ያስቀመጠው የማዳመጥ ልክ በሳምንት 40 ሰዓት፣ በ80 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ) ነው። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፤ በ83 ዴሲቤል 20 ሰዓት፣ በ86 ዴሲቤል 10 ሰዓት ብቻ ይሆናል ማለት ነው። በቀን ስምንት ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን ማዳመጫ አድርጎ የሚሠራ ሰው 40ውን ሰዓት በሥራ ቦታ ብቻ ይጨርሰዋል፤ ለመንገድና ለቤት የሚተርፈው የለም። የሰው ጆሮ ሳይታወቀው በዙሪያው ካለው ጫጫታ በላይ መስማት ስለሚፈልግ፣ በደንብ የገጠመ ዝግ ማዳመጫ የሚሰጠን ትልቁ ጥቅም ጫጫታውን ቀንሶ የሙዚቃውን ድምፅ በፈቃዳችን ዝቅ እንድናደርግ ማስቻሉ ነው። እኔ ወደ ዝግ ማዳመጫ ከለወጥኩ በኋላ በኮምፒውተሬ ላይ ያለውን የድምፅ መጠን ከቀድሞው ግማሽ ግድም አድርጌ፣ ከዚያ በፊት የማልሰማቸውን የክራር ንዝረቶች ለይቼ መስማት ችያለሁ።

ሆኖም ዝግ ቀፎ ሁሉንም ድምፅ እኩል አይከለክልም። የኪቦርድ ኳኳታንና የሰው ንግግርን በደንብ ይቀንሳል፤ የአየር ማቀዝቀዣን የመሰለ ወፍራምና የማያቋርጥ ጉምጉምታ ግን ያልፈዋል። በማይክሮፎን እየሰማ ጫጫታን የሚያጠፋው ባለ ባትሪ ማዳመጫ የሚበረታው በዚህኛው ላይ ነው። ስለዚህ በማሽን ድምፅ መካከል የሚሠራ ሰው ለእሱ ተጨማሪ ገንዘብ ቢያወጣ አይቆጭም፤ የሚያስቸግረው የባልደረቦች ወሬ የሆነ ሰው ግን በደንብ በሚገጥም ተራ ዝግ ማዳመጫ ሊረካ ይችላል።

ስለ ኢምፒዳንስም፣ ማለትም ማዳመጫው ለኤሌክትሪክ ስለሚያሳየውና በኦም ስለሚለካው ተቃውሞ፣ አንድ ነገር ልበል። ቤየርዳይናሚክ የተባለው ኩባንያ የሚሠራው ዲቲ 770 ፕሮ ማዳመጫ በ32፣ በ80 እና በ250 ኦም ይሸጣል፤ መልካቸው በጣም ተቀራራቢ ነው። 250 ኦሙን ገዝቶ በስልክ ወይም በተራ ላፕቶፕ ላይ የሰካ ሰው ድምፁ ደክሞ ሲያገኘው ዕቃው የተበላሸ ይመስለዋል፤ ማጉያ (አምፕሊፋየር) የሌለው ሰው ዝቅተኛውን ቁጥር ቢመርጥ ይሻለዋል። ገመዱንም ማየት ደግ ነው። በስቱዲዮዎች ዘንድ የታወቀው የሶኒ ኤምዲአር 7506 ጥምዝምዝ ገመድ ከቀፎው የማይነቀል ሲሆን፣ የኦዲዮ ቴክኒካ ኤቲኤች ኤም50ኤክስ ግን ተነቃይ ነው። በባለ ጎማ የቢሮ ወንበር ስር ገመዱን ላስገባ ሰው የሁለቱ ልዩነት ወዲያው ይገለጥለታል።

የምቾት ጉዳይ በሱቅ ውስጥ በአምስት ደቂቃ ሙከራ አይታወቅም። ሲያደርጉት የማይከብድ ማዳመጫ ከሁለት ሰዓት በኋላ አናት ላይ እንደ ጣት ጫና ሊሰማ ይችላል፤ ጥብቅ ብሎ የሚይዘው ጫጫታን ቢከለክልም መነጽርን ከጆሮ ጀርባ ካለው አጥንት ጋር ያጣብቃል። ሰው ሠራሽ ቆዳ የለበሰ ስፖንጅ በደንብ ይገጥማል፣ ነገር ግን ያሞቃል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም እየተቀረፈ በጉንጭና በሸሚዝ ኮሌታ ላይ ጥቁር ፍርፋሪ ይተዋል። ከፋይ ጨርቅ የለበሰው ቀዝቀዝ ይላል፣ በምላሹ ግን ትንሽ ድምፅ ያሳልፋል። የትኛውም ቢመረጥ ስፖንጁ ተነጥሎ የሚለወጥና መለዋወጫውም የሚገኝ መሆኑን ሳይጠይቁ መግዛት ተገቢ አይመስለኝም፤ ስፒከሩ ደህና ሆኖ ሳለ በስፖንጁ ምክንያት ብቻ የተጣለ ማዳመጫ ባየሁ ቁጥር አዝናለሁ።

በመጨረሻም ሻጮችን አንድ ነገር እለምናለሁ። ደንበኛው ማዳመጫውን ከነመነጽሩ፣ ራሱ በመረጠው ሙዚቃና በሥራ ቦታ በሚያዳምጥበት የድምፅ መጠን፣ ቢያንስ ለሩብ ሰዓት አድርጎ እንዲሞክረው ይፍቀዱለት፤ በዚያው ጊዜ ሌላ ሰው አንድ ክንድ ያህል ርቆ ተቀምጦ የሚሰማው ነገር ካለ ይንገረው። ያቺ ባልደረባዬ አዲሱን ማዳመጫ በገዛሁበት ቀን ሳልጠይቃት ወንበሯን ስባ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ጥቂት አዳምጣም ‹‹አሁን ምንም አይሰማም›› ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ