እማዬ፣ የቅጥር ደብዳቤዬን ላኪልኝ

ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.
አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ

ውድ እማዬ፣

ለጤናሽ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ስልክ ላይ ስናወራ አንቺ ታለቅሻለሽ፣ እኔም ሆድ ይብሰኛል፣ ነገሩ ሳያልቅ ይዘጋል። ስለዚህ መጻፍ ይሻላል አልኩ። መነጽርሽን አድርጊና ቀስ ብለሽ አንብቢው።

ለፋሲካ ባዶ እጄን ስመጣ አንድም ቃል አልተናገርሽኝም። ስመለስ ግን ቦርሳዬ ውስጥ አምስት መቶ ብር ሸጉጠሻል። ያገኘሁት ሚኒባስ ውስጥ፣ ለረዳቱ ሒሳብ ልከፍል ስል ነው። ብሩን ይዤ እስከ አዲስ አበባ ድረስ በመስኮት ሳይ መጣሁ። ያልተከፈለኝን ደመወዝ ልጠይቅ የቆረጥኩት ያን ቀን ነው።

ያን ጊዜ "ደመወዜ ትንሽ ዘገየ" ነበር ያልኩሽ። እውነቱ ሌላ ነው። የምሠራበት ማተሚያ ቤት ከጥር ጀምሮ አልከፈለንም። ጥር፣ የካቲት፣ መጋቢት፣ ሚያዝያ። አራት ወር ሙሉ።

"ተዪው፣ እንጀራ ያበላሽ ሰው ነው" አልሽኝ። ልክ ነሽ፣ የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ክፉ ሰው አይደለም። አባዬ ያረፈ ጊዜ መኪናውን የሰጠን እሱ ነው፤ አልረሳሁም። ግን ደመወዝ ውለታ አይደለም። ያ ከበሩ ጀርባ ያለው ግድግዳችን ትዝ ይልሻል? ጠላ በዱቤ ለጠጣ ሰው በከሰል ታሰምሪ ነበር። አንድ ጣሳ፣ አንድ መስመር። ለእንቁጣጣሽ ቤቱን ስትለቀልቂ እንኳ ያልከፈሉትን ሰዎች መስመር ዘለሽ ነበር የምትለቀልቂው። ዱቤሽን ስትጠይቂ አፍረሽ አታውቂም። እኔም ማፈር የለብኝም።

ባለቤቱ "ወረቀት የለም፣ ማሽኑ ቆሟል፣ ላልሠራችሁት ምን ብዬ ልክፈል?" ይላል። እኛ ግን በየቀኑ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እንገባለን። ማሽኑ ላስቲክ ለብሶ ቆሟል፣ እኛ ዙሪያውን ተቀምጠን እንውላለን። መጀመሪያ ያለው ነገር ልክ መስሎኝ ነበር። ኋላ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጁን፣ ቁጥር 1156/2011ን፣ ስልኬ ላይ ጭኜ አነበብኩት። አንቀጽ 54 ይመለከተናል። ሠራተኛው ለመሥራት ዝግጁ ሆኖ ሳለ ጥሬ ዕቃ ስለጠፋ ወይም በእሱ ባልመጣ ሌላ ምክንያት ሳይሠራ ቢውል ደመወዙ ይከፈለዋል። ወረቀት መግዛት የእኔ ሥራ አይደለም። የእኔ ሥራ መገኘት ነው፤ ተገኝቻለሁ።

ደግሞ "መጀመሪያ የባንኩን ዕዳ ልዝጋ" ይላል። አዋጁ የሠራተኛ ክፍያ ከሌላ ዕዳ እንደሚቀድም ይናገራል።

ሚያዝያ መጨረሻ ላይ የሒሳብ ክፍሏ ልጅ የደመወዝ መክፈያውን ይዛ መጣች። ስሜ አለ። ጥቅል ደመወዜ፣ ግብሩ፣ 7 በመቶ የጡረታ መዋጮው፣ የተጣራው። ከጎኑ ለፊርማ የተተወች ባዶ ቦታ። "ፋይሉ እንዲሟላ ነው፣ ፈርሙና ብሩ ሲገባ ትወስዳላችሁ" አለች። ከእኔ በላይ ያሉት ሦስት ሰዎች ፈርመዋል። እስክሪብቶው እጄ ላይ ነበር። እማዬ፣ እዚያ ላይ መፈረም ተቀብያለሁ ማለት ነው። ነገ ፍርድ ቤት ብሄድ የሚወጣብኝ ያ ወረቀት ነው። እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ልጅቷ ተቆጣች። ባትቆጣኝ ደስ ይለኝ ነበር፣ እሷም እንደኛው አልተከፈላትም።

ከሁሉ ያንገበገበኝ የሽማግሌው ኦፕሬተራችን ነገር ነው። ባለፈው ነሐሴ የአዲስ ዓመት ካላንደር ስናትም ሌሊቱን ሙሉ ይሠራ ነበር። ከማታው 4 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት የተሠራ ትርፍ ሰዓት በ1.75 ተባዝቶ ነው የሚከፈለው። አልተከፈለውም። "ይሰጠኛል፣ እናውቃለን እኮ" እያለ ዝም አለ። አሁን ዘጠኝ ወሩ ነው። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ ደግሞ መከፈል ከነበረበት ቀን አንስቶ በ6 ወር ይርጋ ይታገዳል፤ የመክሰሻ ጊዜው አለፈ ማለት ነው። አሠሪው ይርጋ አልፏል ብሎ ከተከራከረ ያ የሌሊት እንቅልፍ ሁሉ ቀረ ማለት ነው። ይህን ስነግረው መነጽሩን አውልቆ በጋዋኑ ጫፍ ሲጠርግ ቆየ። መልስ አልሰጠኝም።

ስለዚህ ነው "ታገሺ" ስትይኝ ዝም የምልሽ። የጥር ደመወዜ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ጊዜው ያልቃል። የየካቲቱ በወሩ ይከተላል። እኔ በታገስኩ ቁጥር አንድ አንድ ወር እየወደቀ ነው። ባለቤቱ የአራት ወር ዕዳ እንዳለበት በጽሑፍ ቢያምንልን የስድስት ወሩ ቆጠራ ይቋረጥ ነበር። ጠየቅነው። "ቃሌ አይበቃችሁም?" አለ።

"ያባርርሻል" ብለሽ እንደምትፈሪ አውቃለሁ። አቤቱታ ማቅረብም ሆነ ክስ መመሥረት ሠራተኛን ለማሰናበት ምክንያት አይሆንም፣ አንቀጽ 26 ላይ ተጽፏል። ሊሞክር ይችላል፤ ያኔ እሱም ራሱን የቻለ ክስ ነው። "ጥለሽው ነይ" ላልሽውም፣ እንዲሁ ብጠፋ "ሥራ ጥላ ሄደች" ይለኛል። አሠሪ ግዴታውን ደጋግሞ ካልተወጣ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይችላል፤ ግን ምክንያቱንና ቀኑን በጽሑፍ አሳውቆ ነው። አሁን መልቀቅ አልፈልግም። ሥራዬን እወደዋለሁ። የቀለሙን ሽታ ሳይቀር።

ሰኞ አምስት ሆነን ወደ አራዳ ክፍለ ከተማ ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት እንሄዳለን። አቤቱታውን ጽፈን ጨርሰናል። እዚያ ካልተስማማን የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት አለ። ለሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አንጠየቅም። አዋጁ በ60 ቀን ይወሰን ይላል። ሊዘገይ ይችላል፣ ግን ከሐምሌ በፊት መዝገብ መክፈት አለብን።

አሁን ከአንቺ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። የቅጥር ደብዳቤዬ አንቺ ጋ ነው። ሳጥኑ ውስጥ፣ ከአባዬ የጡረታ ደብተር ሥር፣ በሰማያዊ ፌስታል ተጠቅልሏል። የጽሑፍ ውል የሌለው ሠራተኛም መብቱን አያጣም፣ ቢኖር ግን ክርክሩን ያሳጥርልኛል። ታናሼ ዛሬውኑ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይላክልኝ። ዋናውን ቅዳሜ ሲመጣ ራሱ ይያዘው፣ ለሹፌር እንዳትሰጪው። ፎቶ ኮፒ አስደርጊና አንዱን አንቺ ጋ አስቀሪ።

ከአምስት መቶው ብርሽ ላይ ለአቤቱታው ማተሚያና ለኮፒ ከፍያለሁ። የቀረው ቦርሳዬ ውስጥ አለ።

ልጅሽ