የላቫ ቦይ ላይ የሰጣችሁት ምክር ይታረም

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣ የጌም አምዳችሁ ላይ ድንክዬዎችን እየመራህ ከመሬት በታች ምሽግ ስለምትቆፍርበት ስለ ዱዋርፍ ፎርትረስ መፃፋችሁ በጣም ነው ደስ ያለኝ፣ ታርን እና ዛክ አዳምስ የሚባሉ ሁለት ወንድማማቾች የለፉበት፣ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰው እጅ ላይ ያለ ጌም ነውና በጋዜጣ ሳየው ገረመኝ። ግን ስለ ላቫ ቦይ፣ ማለትም ከምድር ስር ካለው የቀለጠ ድንጋይ (ማግማ) ባህር ተቀድቶ ማቅለጫውን ስለሚያሞቀው ቦይ፣ የሰጣችሁት ምክር የሰው ምሽግ ያስፈርሳል።

ቦዩ መሀል ላይ ግድግዳ አስቀሩና የቀስት መተኮሻ ቀዳዳ ፈልፍሉበት፣ ማግማው ያልፋል፣ ማግማው ውስጥ የሚኖረው አውሬ ይቀራል ነው ያላችሁት። እንደዛ የሚሆነው ቦዩ ካልሞላ ነው! ጌሙ የፈሳሽ ጥልቀት የሚለካው ከ1 እስከ 7 ነው፣ 7 ማለት ሙሉ ነው፣ ማቅለጫው 4 ቢያገኝ ይበቃዋል፣ ከማግማ ባህር በቀጥታ የተቀዳ ቦይ ግን 4 ላይ አይቆምልህም፣ 7 ከገባ በኋላ ደግሞ ፍጡሩ በዛው ቀዳዳ ዋኝቶ ይመጣል። እኔ ይሄን ያወቅኩት ፋየር ኢምፕ የሚባለው የማግማ አውሬ ማቅለጫዬ ጋ ብቅ ብሎ እሳት መወርወር ሲጀምር ነው፣ ስንት አመት ያሳደግኳቸው ቀጥቃጮች ተቃጥለው አለቁ፣ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ፍርግርግ የሚያስገቡም አሉ፣ ከቀዳዳው ይሻላል፣ ግን ህንፃ የሚያፈርስ ፍጡር ከመጣ ነቅሎት ያልፋል። ከመዳብ ከሰራችሁት ደግሞ አውሬም አያስፈልገውም። የጌሙ ማግማ ሙቀቱ ወደ ሴልሺየስ ሲቀየር 1111 ገደማ ነው፣ መዳብ 1085 ላይ ይቀልጣል፣ ብረት ግን እስከ 1538 ይችላል። ስለዚህ ብረት ወይ ስቲል።

የሚያስተማምነው ፓምፕ ነው። ፓምፑ ማግማውን ከስሩ ካለው ሌቨል (ፎቅ) ስቦ በሌላኛው ጎን ይተፋዋል፣ ፈሳሽ እንጂ ፍጡር በሱ ውስጥ አያልፍም፣ ማግማ ክራብ ይሁን ማግማ ሰው እዛው ባህሩ ውስጥ ይቀራል። ፓምፑ የሚሰራባቸው ቧንቧውም ብሎኑም ብሎኩም ሶስቱም ሙቀቱን የሚችሉ መሆን አለባቸው፣ አንዱን ከእንጨት ብታደርጉት ሁሉም ከንቱ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፣ በፓምፕ የመጣ ማግማ ግፊት አለው፣ ፓምፑ ካለበት ሌቨል በታች ክፍት ቦታ ካገኘ ሽቅብ ይወጣና ወርክሾፑን ያጥለቀልቀዋል፣ ቦዩን አንድ ቦታ ላይ ሁለት ካሬዎች በማዕዘን ብቻ እንዲነካኩ አድርጋችሁ ከቆፈራችሁት ግን ግፊቱ እዛ ጋ ይሞታል።

እና እባካችሁ ማስተካከያውን በሚቀጥለው እትም አውጡት፣ እናንተን አምኖ ዛሬ ቦይ እየቆፈረ ያለ አንባቢ ይኖራል። ቦዩን ቀድሞ የሞላ ካለም ውሃ ይልቀቅበት፣ ማግማው ኦብሲዲያን ድንጋይ ሆኖ ይደርቃል፣ ከዛ ከባህሩ ጋር የሚገናኝበትን ጫፍ ሳይነካ እንደገና ቆፍሮ ፓምፑን ይትከል።

አንባቢያችሁ