መውረጃውን ሳትለካ አትሂድ

አዳማ፣ ኅዳር 12

አቡሽዬ፣

ደህና ነህ ወይ? እኛ ደህና ነን። የአባትህ ሳል ቀንሷል።

ትናንት የአክስትህ ልጅ መጥቶ ነበር። የላክኸው ዓሣ ደርሶኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ዓሣውን ከማቀበሉ ስልኩን አውጥቶ መኪናህን አሳየኝ። ሃይሉክሱ ፊቱን ሰቅሎ ቆሟል። «ከፍ ሊያስደርገው ከሰዓት ጋራዥ አስገብቶ ማታ ነው ያወጣው» አለኝ። የዓሣው በረዶ እጄ ላይ እስኪቀልጥ ፎቶውን ሳይ ቆየሁ።

ወደ በንሳ ቡና ልታነሳ ነው፣ አውቃለሁ። ድንጋይ ሆዱን እንዳይመታብህ ነው። እቆጣሃለሁ፣ ግን አሁን አይደለም። አሁን አንድ ነገር ብቻ፦ መውረጃውን፣ ጎማው ከቆመበት ወደ ታች የሚወርድበትን ቦታ ማለቴ ነው፣ ሳትለካ አትሂድ።

22 ዓመት መለዋወጫ ስሸጥ ስለ መውረጃ የጠየቀኝ ሰው በጣት ይቆጠራል። ሁሉም «ስንት ከፍ ይላል?» ነው የሚለው። ጎማ ደግሞ ጉድጓድ ሲያገኝ መውረድም አለበት።

ከፍ እንዲል ፊት ላይ ያስገቡልህ ቀለበት የት እንደተቀመጠ ጎንበስ ብለህ እይ። ከሾኩ፣ የሞላውን መንጠር ከሚያበርደው ቱቦ፣ ራስ በላይ ከሆነ ሞላውም ሾኩም እንደነበሩ ናቸው። አብረው ወደ ታች ተገፉ እንጂ። ስለዚህ ጎማው ሲንጠለጠል ፋብሪካው ካሰበው በታች ይወርዳል። የጎማው መገጣጠሚያ ቦል ጆይንቱ ይጣመማል፣ የፍሬን ቱቦው ይወጠራል። በኃይል ሲመታም መከታ ላስቲኩ ሳይቀበለው ሾኩ ራሱ ተጨምቆ ያልቃል።

ቀለበቱ በሞላውና በመቀመጫው መካከል ከገባ ነገሩ ሌላ ነው። «ሞላው ደነደነ» ይሉሃል። አልደነደነም። የመኪናው ክብደት ያው ስለሆነ፣ ቆሞ ሞላው የሚጨመቀው ያንኑ ያህል ነው። የተቀየረው ሾኩ ነው፤ ቆሞም ተዘርግቶ ይውላል። ቆሞ 8 ሳንቲ መውረጃ ነበረው እንበል። የ3 ሳንቲ ቀለበት ስታስገባ 5 ይቀረዋል። ሾኩ የታሰረው ጎማውን ከሻንሲው የሚያገናኘው ክንድ መሃል አካባቢ ስለሆነ ጎማው ጋ ስድስት ያህል ከፍ ይላል፣ አንተም ደስ ይልሃል። ከዚያ በየጉድጓዱ ሾኩ ጫፉ ላይ እየደረሰ «ቋ» ይላል። መንገዱ ሻካራ ሆኖብህ ይመስልሃል።

ያቺን «ቋ» አውቃታለሁ።

የአባትህ የድሮው ሃይሉክስ ፊቱ ላይ ሞላ አልነበረውም፣ ቶርሽን ባር፣ እየተጠመዘዘ እንደ ሞላ የሚሠራ ብረት፣ ነበር። ብሎኑን ካጠበቅህ ፊቱ ይነሳል፣ ሳንቲም አያስወጣም። ኢተያ መንገድ ላይ የሆነውን ታውቃለህ። የማታውቀው «ከፍ አድርገው» ያልኩት እኔ መሆኔን ነው። ጎረቤት የሚያቆመው መኪና ቀጥ ብሎ የኛ ያጎነበሰ መሰለኝ። አባትህ «ተይ፣ ይበቃዋል» አለ። «አንዲት ብሎን ለማዞር ሰነፍክ?» አልኩት። አዞራት። ከዚያ ቋ፣ ቋ። ሾኩ አልቋል ብዬ ከሱቅ አዲስ ሰጠሁት። እሱም ወር አልቆየም። ሌላ ሰጠሁት! በዚያ ሁሉ ጊዜ ጎማው መሬት የሚከተልበት ቦታ አጥቶ ነበር። በዚያች መታጠፊያ ላይ ፊቱ መሬቱን ለቀቀ። እግሩን ሲጎትት ባየሁ ቁጥር ያቺ ብሎን ትታየኛለች። አንድ ቀን እንኳ «አንቺ ነሽ» ብሎኝ አያውቅም።

እና መውረጃውን ለካ። ነገ ጠዋት፣ ሳትጭን። ሜዳ ላይ አቁመህ ከጎማው መሃል እስከ መከለያው ጠርዝ በሜትር ለካና ጻፍ። ከዚያ ክሪኩን ከሻንሲው ስር አድርገህ ጎማው እስኪንጠለጠል አንሳ፣ ደግመህ ለካ። ልዩነቱ መውረጃህ ነው። እግረ መንገድህን የፍሬን ቱቦውን በጣትህ ነካ አድርግ፤ እንደ ክራር ክር ከተወጠረ መኪናው አይንቀሳቀስ። ሞላ ግን ራስህ እንዳትፈታ! ይገድላል።

የኋላውንም ባሌስትራ ጨምረው ከሆነ፣ አክሰሉ ላይ በዘንግ የታሰረችውን የፍሬን ማመዛዘኛ አስተካክሉልኝ በላቸው። ቦዲው ሲነሳ መኪናው ባዶ ይመስላትና ለኋላ ፍሬን ትሰስታለች። አላይመንትም አሠራ። መብራቱም የሰው ዓይን እንዳይወጋ ዝቅ ይበል።

ጃኬትህ እዚህ ቀርቷል፣ በሚመጣ ሰው እልከዋለሁ። በርበሬውን ፀሐይ ላይ አውጣው፣ ይሻግታል።

እሁድ ስትደውል ሁለቱን ቁጥሮች መጀመሪያ ንገረኝ። ሰላምታው ከዚያ በኋላ።

እናትህ